የእናቷ እናት ማን ይባላሉ?

ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ ጋቢና የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ። ንግግር አድርጊ ሲሉኝ «አመሰግናለሁ» ብዬ ተቀመጥኩ። የምናገረው ጠፍቶኝ አልነበረም። ፊት ለፊት ከተቀመጡት እንግዶች አንዱ፣ መቂ ሳለሁ ስሜን ያጠፋው ሰውዬ ልጅ ስለነበር ነው። አባትየው ሞቷል። ስሙ ሲነሳ ሰዎች «ነፍስ ይማር» ይላሉ፤ እኔ እስካሁን አላልኩም። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ልጆቹ ምንም አላደረጉኝም። ኃላፊው እለዋለሁ። ማን እንደሆነ የሚያውቁ ያውቁታል።

ነርስ ነበርኩ። መቂ ጀመርኩ፣ ሁሩታ ሠራሁ፣ አዳማ ጨረስኩ። ስለ ደሞዝና ስለ ደረጃ እድገት የምለው የለኝም፤ እድገቱ ለምን እንደዘገየብኝ ከዚህ በታች ያነበበ ይረዳዋል። ለሥራ ዘመኔ የምጽፈው መታሰቢያ ይኖራል ብዬም አስቤ አላውቅም። ብዕር ያስነሳኝ የልጄ ሽምግልና ነው።

ልጄ ዳዊት ሰላም የምትባል የባንክ ሠራተኛ ወደደ። ቤት አምጥቷት አይቻታለሁ፤ ረጋ ያለች ልጅ ናት። እናቷን አላውቃቸውም ነበር፤ ሁሉም «የሰላም እናት» ነው የሚላቸው። ታላቅ ወንድሜ ጋሽ ተስፋዬ ሌሎች ሽማግሌዎች አስከትሎ ሄደና ደስ ብሎት ተመለሰ።

«በአባቷም በእናቷም አባት በኩል እስከ ሰባት ቤት ቆጠርን» አለኝ ባርኔጣውን እያወለቀ። «የትም አንገናኝም። አልቋል፣ ድግስሽን ጥመቂ።»

«የእናቷ እናትስ ማን ይባላሉ?» አልኩት።

ሳቀብኝ። «አሁንም ይቺን ጥያቄሽን አልተውሽም? ጡረታ ወጥተሻል እኮ ወይንሸት!»

«ማን ይባላሉ ጋሼ?»

«ድንቅነሽ አሉ። የመቂ ሰው ናቸው፤ ሞተዋል። ወንድ ልጅ አልበረከተላቸውም አሉ።»

ወንበሩን ይዤ ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ። ድንቅነሽን አውቃቸዋለሁ። አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ነበረቻቸው፣ ዓለሚቱ የምትባል። የሰላም እናት ዓለሚቱ ከሆነች፣ በዚህ ዓለም ላይ ከኔ ቤት ጋር ለመጋባት ፈጽሞ የማትስማማ ሴት ብትኖር እሷ ነበረች። እኔም ልጄን ወደዚያ ቤት ለመስደድ ከማንም በላይ የምፈራ ሴት ነበርኩ። ለምን እንደሆነ ለመናገር ወደ መቂ መመለስ አለብኝ።

መቂ የደረስኩት ገና ከነርስ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ ነው። የሽንኩርትና የቲማቲም አገር ነው። ደላሎች ጠዋት ማታ አይሱዙ ያስጭናሉ፤ የጤና ጣቢያው ግቢ ሳይቀር ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። የተመደብኩት ከሲስተር ጥሩወርቅ ጋር ነበር። አጭር፣ ጥቁር፣ ሳቅ የማታበዛ ሴት ናት። ያስተማረችኝን ሁሉ በመከልከል ነው ያስተማረችኝ። «ቆመሽ አትጠይቂያት፣ ተቀመጪ።» «ስለ በሽታዋ አትጀምሪ፣ ስለ ሰዎቿ ጀምሪ።» «ጋዙን አታንሺው።» ይህን የመጨረሻውን ደጋግማ ትለው ነበር። ደም ሲፈስ ጋዝ፣ የቁስል መሸፈኛውን ጨርቅ፣ ተጭነሽ ትይዣለሽ፤ ቆመ አልቆመ ብለሽ ካነሳሽው፣ ለመርጋት የጀመረውን አብረሽ ትነቅይዋለሽ። ለማየት መጓጓት ነው የሚገድለው ትል ነበር።

ሌላው ልማዷ የወተት ዱቄት ቆርቆሮዋ ነው። ውስጡ ባቄላና ሽምብራ አለ። እናቶች ሲመጡ ጠረጴዛው ላይ ትደረድረዋለች፤ ባቄላው ወንድ፣ ሽምብራው ሴት። የታመመውን ወይም የሞተውን ባረረ ባቄላ ትተካዋለች። እናትየዋ ራሷ ቤተሰቧን እንደ እርሻ ማሳ ከላይ ታየዋለች። ሲያልቅ ሁሉንም በእጇ ጠርጋ ቆርቆሮው ውስጥ ትደባልቀዋለች። አንድም ነገር አትጽፍም። «የሰው ዘር ማኅደር ውስጥ አይቀመጥም፤ ማኅደር ሰው ያነበዋል» ትለኝ ነበር።

ጥያቄዋም ሁልጊዜ ያው ነው። የእናትሽ እናት ማን ይባላሉ? ሰባት አባት ሳይተነፍሱ የሚቆጥሩ ሴቶች እዚህ ላይ ሲደርሱ አፋቸው ይያዛል። በኛ አገር ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም ነው። እህትማማቾች አንዷ መቂ፣ አንዷ ዓለም ጤና፣ አንዷ ሁሩታ ካገቡ፣ ልጆቻቸው በስም አይገናኙም። በእናት በኩል የሚሄድ በሽታ በዚያ መሐል ማንም ሳያየው ያልፋል። ከበሽታው በላይ ያስፈራኝ ይህ ነበር፤ ከተማ ለከተማ መሄዱና ስም የሌለው መሆኑ።

ድንቅነሽ ዓለሚቱን ይዘው የመጡ ዕለት ዓለሚቱ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። ዓለም ጤና ለአንድ የታወቀ የሽንኩርት ነጋዴ ልጅ ተድራለች። ጥሩወርቅ ስለ ሰዎቻቸው ጠየቀች።

«ወንዶቹስ ልጆችዎ?» አለች።

«አላደጉም» አሉ ድንቅነሽ።

«በምን?»

«አንዱ ከጋሪ ወድቆ ጉልበቱ አብጦ። አንዱ ጥርሱን ተነቅሎ ደሙ እንቢ ብሎ። ዓይን ነው ይላሉ።»

«የእህትዎስ ወንዶች?»

ድንቅነሽ በሹክሹክታ፣ «እሷም ቤት እንደዚሁ ነው» አሉ። ያረሩት ባቄላዎች ከሽምብራዎቹ ሥር ተደረደሩ። ከባቄላ ሥር አንድም የለም። ዓለሚቱ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ጥሩወርቅ እንዲህ ብላ አስረዳቻት፤ ቃሏን አልረሳውም። «ስሚኝ ልጄ። ሰው ከእናትና ካባቱ የሚወርሰው መመሪያ አለ። የደም መርጊያው መመሪያ ያለበት ክር ሴት ሁለት አላት፣ ወንድ ግን አንድ። ሴቷ አንዱ ቢበላሽባት በሌላው ትኖራለች፤ ታሳልፋለች እንጂ ብዙ ጊዜ አትታመምም። ወንዱ ያቺን አንዷን የሚያገኘው ከእናቱ ነው። የተበላሸችው ከደረሰችው መጠባበቂያ የለውም።»

«ካባቱስ?» አለች ዓለሚቱ።

«ካባቱ የሚወስደው ወንድ የሚያደርገውን ነው። የአባቱ ደም ቢረጋም ለዚህ አያድነውም።»

ከዚያ ሁለት ባቄላ፣ አንድ ደህና አንድ ያረረ፣ በጭብጧ ያዘችና «ዓይንሽን ጨፍነሽ አንዱን ውሰጂ» አለቻት። ወሰደች። «መልሺው። አሁንም ውሰጂ። እርግዝና ማለት ይኸው ነው፤ ያለፈው ታመመ ብሎ የሚቀጥለውን የሚምር የለም፣ ያለፈው ዳነ ብሎም የሚቀጥለውን የሚቀጣ የለም። ወንድ ከወለድሽ ደሙ አዲስ አበባ ሳይመረመር እንዳታስገርዢው።»

በሩ የተከፈተው ያን ጊዜ ነው። ኃላፊው ነበር፣ ያኔ የጤና ጣቢያው አለቃ። ጠረጴዛውን አየና፣ «ይሄ ጤና ጣቢያ ነው ወይስ ጠጠር ጣይ ቤት?» ብሎ ሳቀ። ጥሩወርቅ ባቄላውን ጠረገችው። እሱ ግን የተማረ ሰው ነው፣ የደረደረችውን በአንድ እይታ ገብቶታል። ከነጋዴው፣ ከዓለሚቱ አማት፣ ጋር አብረው ሥጋ ይበሉ ነበር። እዚያ ገበታ ላይ ነገረው። እንዴት እንደማውቅ ብትጠይቁኝ፣ ሥጋ ቤቱ ውስጥ የሰማው ሰው ራሱ ነግሮኛል። «የምራትህ ዘር ደሙ አይረጋም» ነው ያለው፣ እየጎረሰ።

ሰዎች የሰሙትን ነገር ምን እንደሚያደርጉበት የሚያስብ ሰው እንደዚያ አይናገርም። ነጋዴው ምራቱን ወዲያው አላባረረም። ሌላ ነገር አሰበ። የተወለደው ልጅ ወንድ ሆነና፣ በስምንተኛው ቀን ገራዥ አስጠራ። ዓለሚቱ አማቷ እግር ላይ ወድቃ ለመነችው። «ልጁ የኛ ነው፤ የኛ ቤት ደም ይረጋል» አላት። ልጁ ያባቱ ከሆነ ደሙም ያባቱ ይሆናል ብሎ ነው። ይህን ስህተት ሌላ አገር ሰው ይሠራው እንደሆነ አላውቅም። እኛ ግን ልጅን በአባት ስም ስንጠራ ስለኖርን፣ በእናቱ በኩል ምን እንደወረሰ መጠየቅ አባትየውን መስደብ ይመስለናል።

ወደኛ ያመጡት ሽንኩርት በጫነ አይሱዙ ነው። ሕፃኑ የተጠቀለለበት ጨርቅ በደም ከብዶ ነበር። ጥሩወርቅ እጇን ታጥባ ጋዝ ጣለችበት፣ ተጫነች፣ ጠበቀች። ሌላ ጋዝ ደረበች። እኛ ዘንድ ሌላ መድኃኒት አልነበረም። አዳማ ግን ደም ይሰጠው ይሆናል። እሷ የምታዋልዳት ሴት ስለነበረቻት እኔን ላከችኝ። ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጥኩ፤ ነጋዴው በሌላ ጎኔ፣ ሕፃኑ ጭኔ ላይ፣ ጣቶቼ ጋዙ ላይ። ዓለሚቱን አላስገቧትም፤ ከሽንኩርቱ ላይ ነበረች።

«ቆመ?» ይላል ነጋዴው።

«አይታወቅም።»

«አንሺና እይው።»

«አይነሳም ጌታዬ።»

«አንሺ እልሻለሁ! የልጅ ልጄ ነው!» እጄን ይጎትታል፤ እኔ ክርኔን አስገብቼ እከላከላለሁ። ሾፌሩ ወጣት የኦሮሞ ልጅ ነው፣ መንገዱን እያየ «ጃባዹ፣ ሲስተር፣ ጃባዹ» ይለኝ ነበር፣ በርቺ ማለቱ ነው። ጭኔ ላይ ያለው ሙቀት እርጥብ እየሆነ ሲመጣ ይሰማኛል። ወደ ታች ማየት ፈራሁ። ፊቱን ብቻ አየው ነበር፤ ከንፈሩ እንደ ወረቀት እየነጣ ሄደ። ቆቃ ድልድይ አካባቢ ማልቀሱን አቆመ። ነጋዴው «ይኸው ተኛ፣ ተሽሎታል» አለ። እኔ አውቄያለሁ። ቢሆንም እጄን አላነሳሁም። አዳማ ሆስፒታል በር ላይ ሌላ ሰው ነው ጣቶቼን ከጋዙ ያላቀቃቸው። ዓለሚቱ ከላይ ወርዳ አየችኝ። አላለቀሰችም። ያየችኝ አስተያየት ግን እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ ነው።

ኃላፊው ግምገማ ጠራ። «ነርሶቹ ጠጠር እየጣሉ ቤተሰቡን አስደነገጡ፣ የታካሚ ምስጢርም አወጡ» አለ፣ ፊታችንን እያየ። ጥሩወርቅ፣ «ምስጢሩን ያወጣው አፍ አሁን የሚናገረው ነው» ብላ ተቀመጠች። ወደ ሩቅ ወረዳ ተዛወረች፤ እዚያው ጡረታ ወጥታ ሞተች። ቆርቆሮውን ስትሄድ ሰጠችኝ። እኔን ሁሩታ ወረወሩኝ። እሱ አድጎ ዞን ገባ። ዓለሚቱ ከባሏ ቤት ተባረረች፤ የት እንደሄደች አልሰማሁም። መቂ ላይ የቀረው ወሬ ግን አንድ ብቻ ነው፦ «ሲስተር ወይንሸት ጠጠር ጥላ ትዳር አፈረሰች፣ ልጁንም በእጇ ገደለችው።»

ሁሩታ ላይ ጥያቄውን አልተውኩትም። መስማት የማይችሉ ልጆች የወለዱ ባልና ሚስት መጡ። ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው የተጋቡት። ስጠይቅ አያቶቻቸው፣ የእናቶቻቸው እናቶች፣ እህትማማች ሆነው ተገኙ። ሁለቱም ሳይታመሙ አንዳንድ የተበላሸ መመሪያ ተሸክመው ነበር፤ ከሁለቱም የደረሰው ልጅ ነው የሚደነቁረው። ሚስትየዋ ባቄላውን አይታ አማተበች። ባልየው በማግስቱ ለአለቃዬ፣ «እቺ ሴት ትጠነቁላለች» ብሎ ከሰሰኝ። አለቃዬ ደግሞ ከመቂ ስለኔ የተጻፈውን አንብቧል። ደረጃዬ ለምን እንደዘገየ አሁን ገባችሁ?

እንግዲህ ጋሽ ተስፋዬ ያንን ስም ሲነግረኝ ይህ ሁሉ አብሮ መጣ። ዓለሚቱ የታመሙ ወንድሞችም የሞተ ልጅም ስለነበራት ተሸካሚ መሆኗ አያጠራጥርም። ሰላም ከእናቷ ደህናውን ወይ የተበላሸውን ወርሳለች፤ ከሁለት አንዱ ነው። ዝም ብል ሕፃን ይሞታል። ብናገር ሰላም እንደ እናቷ ትባረራለች፣ ያውም ከኔ ቤት። ለማንም የማልነግረው ምስጢር ይዤ በፍርሃት ከረምኩ። በመጨረሻ ባጃጅ ያዝኩና ወደ ዓለሚቱ ቤት፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ሄድኩ።

በሩን ራሷ ከፈተች። ፀጉሯ ሸብቷል። ወዲያው አወቀችኝ።

«አንቺ ነሽ?» አለች። «የዳዊት እናት አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ጠጠርሽን ይዘሽ መጣሽ?»

«አልያዝኩም። ግቢ በይኝ፣ ሰው ይሰማል።»

«ሰው እንዳይሰማ መፍራት ዛሬ ነው የጀመርሽው?»

ገባሁ። ቁጭ በይ አላለችኝም። ምስጢሯን እኔም ጥሩወርቅም እንዳላወጣን፣ ኃላፊው ሥጋ ቤት ውስጥ እንደተናገረው ነገርኳት። «በሞተ ሰው ማላከክ ምን ይከብዳል» አለችኝ። ተናደድኩ። «ያኔ በሕይወት እያለም ብለናል፣ የሰማን የለም!» ብዬ ጮህኩ። እሷም ጮኸች። ሰላም ከሥራ የገባችው በዚህ መሐል ነው፤ ቦርሳዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

«ምንድነው እማዬ? እርስዎ ምን አድርገዋት ነው?»

ዓለሚቱ ልጅ ወልዳ እንደሞተባት እንኳ ለሰላም ተናግራ አታውቅም ነበር። ተራ በተራ፣ እየተቆራረጠ፣ ነገርናት። ሰላም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«የወር አበባ ሲበዛብኝ ለምን ከሥራ እንደምቀር እማዬ ጠይቃኝ አታውቅም» አለችኝ ወደኔ ዞራ። «አፍንጫዬ ሲደማ ግን ጓዳ ገብታ ትንቀጠቀጥ ነበር። እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔም ላይ አለ?»

«ሊኖር ይችላል። ምርመራ አለ።»

«ለዳዊት እኔ ነኝ የምነግረው» አለች። «እርስዎ እንዳይነግሩት። እማዬ፣ አንቺም እንዳትከለክዪኝ።»

ዓለሚቱ ግን እኔን ነበር የምታየው። «ልጅሽ ቢተዋትስ?» አለችኝ። እኔንም ያስፈራኝ እሱ ነበር። ሰላም ነገረችው፤ ዳዊት አልተዋትም። ስላልተዋት ብዬ ልኩራራ አልፈልግም፣ ያን ሰሞን እህል አልቀመሰም። ተጋቡ። ወንድ ልጅ ተወለደ። ከእትብቱ ደም ተወስዶ አዲስ አበባ ተላከ፤ ውጤቱ ዘገየ።

ስምንተኛው ቀን ላይ ዘመድ ተሰበሰበ። ጋሽ ተስፋዬ ነጭ ጋቢ ለብሶ ገራዥ ቀጥሮ መጣ። ውጤት እስኪመጣ ይቆይ አልኩት።

«ሥርዓት ነው ወይንሸት። አባቶቻችን ሁሉ በስምንተኛው ቀን ነው።»

«ደሙ ሊፈስ ይችላል ጋሼ።»

«አይፈስም» አለ፣ ሕፃኑን በፍቅር እያየ። «የኛ ልጅ ነው። የኛ ቤት ደም ይረጋል።»

ያንኑ የነጋዴውን ቃል ነው የተናገረው፤ ያውም ክፉ ሰው ያልሆነ፣ አሳድጎ ያስተማረኝ ወንድሜ። በዚያች ደቂቃ እንደፈራሁት በሕይወቴ ፈርቼ አላውቅም። አይሱዙው ውስጥ እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም። መኝታ ቤት ገብቼ ቆርቆሮውን አመጣሁና ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት። አንዲት ዘመዳችን «በስመ አብ» አለች።

ለሰላም አንድ ሽምብራ አስቀመጥኩ። ከሷ በላይ ለዓለሚቱ፣ ከዚያ ለድንቅነሽ። ያረሩትን ግን ላነሳ ስል አቆምኩ። የኔ አይደሉም። የሰው ምስጢር ሰው ፊት ማውጣት፣ ስሜ የጠፋበት ነገር፣ ይኸው ልሠራው ነው። እጄ አየር ላይ ቀረ።

ዓለሚቱ ከጥግ ተነስታ መጣች። ከጠረጴዛው ላይ ያረሩትን ራሷ ለቀመች። «ይሄ ወንድሜ ነው፣ ከጋሪ የወደቀው» አለች ጮክ ብላ። «ይሄ ታናሼ፣ ጥርሱን። እነዚህ የአክስቴ ልጆች።» የመጨረሻዋን በጣቷ ይዛ ትንሽ ቆየች። ከራሷ ሽምብራ ሥር፣ ከሰላም ጎን አስቀመጠቻት። «ይሄ በረከት ነው» አለች። «ክርስትና አልደረሰም። እኔ ግን በሆዴ በረከት ነበር የምለው።»

ያን ሁሉ መንገድ በጭኔ ተሸክሜው ስሙን አላውቅም ነበር።

ጋሽ ተስፋዬ ጠረጴዛውን ብዙ አየ። ሌሎቹን ሽማግሌዎች አላማከረም። ወጥቶ ገራዡን አሰናበተው። እኔ እንደ ልማዴ ልጠርገው እጄን ስዘረጋ ዓለሚቱ ያዘችኝ። «አትደባልቂው» አለች። «ይዩት።»

ውጤቱ መጣ። የሕፃኑ ደም አይረጋም።

አሁን ድክ ድክ ይላል። የቤቱን ጠርዝ ሁሉ በጨርቅ ጠቅልለናል። መድኃኒቱ አዲስ አበባ ይገኛል፤ አንዳንዴ ይጠፋል፣ ሲጠፋ የቤቱ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። እኔና ዓለሚቱ ወዳጅ ሆነናል አልልም። ስለ ኃላፊው ያልኳትን ማመን አለማመኗን ነግራኝ አታውቅም፤ እኔም ድጋሚ አልጠየቅኳት። ተራ ገብተን እንጠብቀዋለን።

ባለፈው ሰሞን ወድቆ ከንፈሩ ተሰነጠቀ። ዳዊትና ሰላም መድኃኒቱን ሊያመጡ ወጡ። ልጁን ጭኔ ላይ አድርጌ ጋዝ ተጭኜ ያዝኩ። ዓለሚቱ አጠገቤ ተንበረከከች። ፊቷ ነጥቷል፤ ዓይኗ ጣቶቼ ላይ ነው። ቆመ ወይ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አንሺና ልየው ትለኛለች ብዬ ክርኔን አዘጋጀሁ።

አላለችም። እጇን ከእጄ በላይ አደረገችና አብራኝ ተጫነች።